በታብሌት ከመፈተን በፊት፦ ለወሎ የትምህርት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለደቡብ ወሎና ለሰሜን ወሎ ዞን ትምህርት መምሪያዎች
ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለወልድያ ከተማ አስተዳደር የትምህርት ኃላፊዎች
ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች በስልክና በታብሌት መመዘንን እንዲቀበሉት መቅደም ስላለባቸው ሥራዎች ይመለከታል

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ መምህራን በተሰበሰቡበት ሁሉ «የክፍል ፈተናውንስ ለምን በስልክ አናደርገውም?» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ዕድሜውን በሙሉ በወረቀት ሲፈተን የኖረ ልጅ ከስክሪን ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው በሀገር አቀፉ ፈተና ቀን መሆን የለበትም። የሚያሰጋን አጀማመሩ ነው።

ተማሪ በስክሪን መፈተንን የሚወደውም የሚጠላውም በመጀመሪያው ፈተና ላይ ነው። በዚያ ቀን መልሱ ከጠፋበት፣ ወይም አጠገቡ ያለው ልጅ በተሻለ ስልክ ሲቀድመው ካየ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ገለጻ ሁሉ ጆሮው አይገባም። ጥያቄያችንም ከዚህ የሚነሳ ነው፦ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ማርክ በማይያዝበት ሙከራ ይለፍ፤ ሙከራው በትምህርት ቤቱ መሣሪያ፣ ያለ ኢንተርኔት ይካሄድ። የቀረው የደብዳቤው ክፍል ምክንያታችንና አሠራሩ ነው።

ልጆች ስልክ ይወዳሉና በስልክ መፈተንም ይወዳሉ የሚል ግምት አለ። ግምቱ ስህተት ነው። ቴሌግራም ላይ የተሳሳተ ነገር የጻፈ ልጅ አጥፍቶ ይቀጥላል፤ ፈተና ላይ ግን የተሳሳተ ንክኪ ማርክ ያስከፍላል። ፍሬድ ዴቪስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ሞዴል ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን ለመቀበል ሁለት ነገር ይመዝናል፦ ይጠቅመኛል ወይ፣ ሳያስቸግረኝ ልጠቀምበት እችላለሁ ወይ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተስፋፋው ሞዴል ሁለት ጨመረበት፤ አንዱ የማከብራቸው ሰዎች ምን ይላሉ የሚለው ሲሆን፣ ሌላው መሣሪያውና ድጋፍ ሰጪው አለ ወይ የሚለው ነው። እኛ አካባቢ ሚዛኑ የሚያጋድለው በመጨረሻው ነው። መብራት፣ ቻርጅና ኔትወርክ ሳይሟላ ስለ ጥቅሙ መስበክ በከንቱ መድከም ነው።

ሦስተኛውም፣ የማከብራቸው ሰዎች ምን ይላሉ የሚለው፣ ቀላል አይደለም። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በር ላይ የተያዘ ስልክ ወላጅ ካልመጣ አይመለስም። ትናንት የተቀማውን ስልክ ዛሬ «ፈተና አለ፣ አምጣው» ማለት ተማሪውን ግራ ያጋባዋል፤ ዘበኛውንም እንዲሁ። የሆም ሩም መምህሩ ክፍል ገብቶ «ይቺ ነገር መቼስ ታዘናል» ብሎ ከጀመረ ደግሞ ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ። ስለዚህ መመሪያው ከመሣሪያው በፊት ይስተካከል፤ መምህራኑም ከተማሪዎቹ ቀድመው በዚያው ታብሌት ላይ ይፈተኑ። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም። አንድ ሰዓት ተቀምጦ 20 ጥያቄ በታብሌት የመለሰ መምህር ተማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ተማሪው የራሱን ስልክ ያምጣ የሚለው ሐሳብ ርካሽ ይመስላል። በተግባር ግን በአንድ ክፍል አዲስ ሳምሰንግ የያዘ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አይቴል የያዘ፣ በተን ስልክ ብቻ የሚያውቅና ምንም የሌለው አንድ ላይ ይቀመጣሉ። በብዙ ቤት ደግሞ ስማርት ስልኩ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ወደሄደበት ይሄዳል። ሰኞ ባቲ ገበያ ነው፤ ደሴም ሰኞ ገበያ አለ። በዚያ ቀን አባትዬው ስልኩን ይዞ ሲወጣ ልጁ በምን ይፈተን? የራስ ስልክ ለልምምድ ይሁን፤ ማርክ የሚያዝበት ሁሉ ግን በአንድ ዓይነት የትምህርት ቤት ታብሌት ይደረግ። ለ60 ተማሪ 60 ታብሌት አያስፈልግም፤ 30 ካለ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ሲፈተን ሌላውን በሌላ ክፍል ማስተማር ይቻላል።

ኢንተርኔትን አትመኩበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ ባይቋረጥም ሦስት ክፍል በአንዴ የሚሸከም መስመር ያለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ፈተናው ክፍሉ ውስጥ ባለ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጥና ታብሌቶቹ በራውተር (ዋይፋይ በሚያሰራጨው መሣሪያ) ይገናኙት፤ ለዚህ ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልግም። ሙድል የተባለው የማስተማሪያና የመፈተኛ ሶፍትዌር ለዚህ ይሆናል፤ ነፃ ነው፣ ተማሪው እየመለሰ ሳለም መልሱን በየደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል። ለልምምድ ብቻ ከሆነ ኮሊብሪ የተባለው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የመማሪያ ሶፍትዌር ይቀላል።

አሠራሩን ትንሽ በዝርዝር እንየው፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ተራ የቤት ራውተር ከ20 እስከ 25 መሣሪያ ሲደርስ መንገዳገድ ይጀምራል። ለ30 ታብሌት ሁለት ራውተር አድርጉ፤ አንዱን ቻናል (የዋይፋይ ሞገድ መስመር) 1 ላይ፣ ሌላውን ቻናል 6 ወይም 11 ላይ አስቀምጡ። ሁለቱም አንድ ቻናል ላይ ከሆኑ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። የላፕቶፑ የኔትወርክ አድራሻ ቋሚ ይሁን፤ ተቀያያሪ ከሆነ ላፕቶፑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር አድራሻው ሊለወጥ ይችላል፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አድራሻ የሚያስገቡ ተማሪዎች በሙሉም ባዶ ገጽ ያያሉ። ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋም ሆነ ሳይነካ ሲቆይ እንዳይተኛ ሴቲንጉ ይስተካከል።

አንድሮይድ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ «ይህ ኔትወርክ ኢንተርኔት የለውም፣ ተገናኝቶ ይቆይ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ካለፈው ወይም «አይ» ካለ ታብሌቱ ወደ ሲም ካርዱ ዳታ ይዞራል፤ ፈተናውም ካጠገቡ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ «ኔትወርኩ ተበላሸ» የሚባለው ይህ ነው። መፍትሔው ታብሌቱን ሲም ካርዱን አውጥቶ ለተማሪው መስጠትና ጥያቄውን አስቀድሞ በእያንዳንዱ ታብሌት ላይ «አዎ፣ ሁልጊዜ» ብሎ መመለስ ነው።

መብራት ሲጠፋ ታብሌቱና ላፕቶፑ በባትሪያቸው ይቀጥላሉ፤ የሚሞተው ራውተሩ ነው። 12 ቮልት፣ 1 አምፒር የሚጠቀም ራውተር 12 ዋት ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም (ከዚያ በላይ ሲወርድ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል) ሦስት ሰዓት ተኩል ያሠራዋል፤ ለሁለት ራውተር ሁለት ባትሪ ማለት ነው። አንድ ፈተና አንድ ሰዓት ነው፤ ይበቃል። 30 ታብሌት በአንዴ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ እያንዳንዱ 10 ዋት ቢወስድ 300 ዋት ነው። ለአንድ ሶኬት ከባድ አይደለም፤ አደጋው ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ ሲሰካ ነው። በክረምት ዕረፍት ታብሌቶቹን ባዶ አድርጎ ቁምሳጥን ውስጥ መቆለፍም የተለመደ ጥፋት ነው። ባትሪያቸው ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ እያለ ጠፍተው ይቀመጡ፤ በየወሩም አንድ ሰው ይያቸው። አለዚያ መስከረም ላይ ግማሾቹ አይበሩም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ይህን ከውጭ የመጣ መመሪያ አይነግራችሁም። ጠዋት 3 ሰዓት ለሚሰጥ ፈተና መምህሩ ሲስተሙ ላይ 3:00 ብሎ ከሞላ ኮምፒውተሩ የሚረዳው ሌሊቱን 9 ሰዓት ነው። ፈተናው ሌሊት ተከፍቶ ሌሊት ይዘጋል፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ ይጠብቃቸዋል። ለቀን ሰዓት 6 ይደመር፦ 3 ሰዓት 9:00 ነው፣ የከሰዓቱ 8 ሰዓት 14:00 ነው። የሰዓት ክልሉም አዲስ አበባ ተብሎ ይመረጥ። ቀኑም እንደዚሁ ነው። ታብሌቱ ላይ ዓመቱን 2018 ብሎ በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው መሣሪያውን ወደ ኋላ ወስዶታል፤ በኋላ ኢንተርኔት ሲያገኝ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ምስክር ወረቀት «ገና ጊዜው አልደረሰም» እያለ አይከፍትላችሁም።

ጥያቄ አወጣጡ ላይ ስንመጣ፣ የወረቀቱን ፈተና እንዳለ ገልብጦ ማስገባት ዋነኛው ስህተት ነው። ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ ሲቀመጥ ስክሪን ከወረቀት ይልቅ ለጎረቤት ይታያል። ለዚህ ሲባል የጥያቄውም የምርጫውም ቅደም ተከተል ለየተማሪው ይደባለቃል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «መ. ሁሉም መልስ ነው» የሚለው ምርጫ ተደባልቆ «ሀ» ላይ ይወጣል፤ «ሐ. ሀ እና ለ» የሚለው ደግሞ ትርጉሙን ያጣል፤ ከተደባለቀ በኋላ የትኛው ሀ፣ የትኛው ለ? እነዚህን ሁለት ዓይነት ምርጫዎች ጨርሶ ተዉአቸው። ካርታ ወይም ግራፍ ላይ የተመሠረቱ አራት ጥያቄዎች ከሥዕሉ እንዳይለያዩ አንድ ላይ ይታሰሩ። ምንባቡ ከአንድ ስክሪን በላይ ከወረደ ተማሪው ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል፤ ረጅም ምንባብ በወረቀት ይታደል፣ መልሱ ብቻ በታብሌት ይሁን። ለሒሳብና ለፊዚክስ የራፍ ወረቀት መስጠት ግዴታ ነው።

ባዶ ቦታ ሙላ ለሚል የአማርኛ ጥያቄ ደግሞ ልዩ ጣጣ አለ። መልሱ «ፀሐይ» ነው እንበል። ተማሪው በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ሊጽፈው ይችላል፤ መሐሉን በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጽፍ ይችላል። 2 በ6፣ 12 አጻጻፍ ነው። መምህሩ አንዱን ብቻ በመልስነት ካስመዘገበ ማሽኑ አሥራ አንዱን ዜሮ ይሰጣል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም የባሰ ነው፦ የመጀመሪያው ፊደል 6፣ ሥና ስ 2፣ ሴና ሤ 2፣ ሲባዛ 24፤ ተያይዞም ተነጣጥሎም መጻፉ ሲጨመር 48። ትክክል መልሶ ዜሮ ያየ ተማሪ «ማሽኑ አያውቅም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወይ ወደ ምርጫ ቀይሩት፣ ወይ መምህሩ በዓይኑ አይቶ ያርመው። በቁጥርም ቢሆን 0.5፣ .5 እና 1/2 ለተማሪው አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ አይደሉም። «በአስርዮሽ፣ ከነዜሮው ጻፍ» ተብሎ ጥያቄው ላይ ይገለጽ።

ድርሰትና ማብራሪያ በወረቀት ይቆይ። ልጆቻችን ቴሌግራም ላይ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉታል፤ በግዕዝ ኪቦርድ አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ከእስክሪብቶው በእጥፍ ቢዘገዩ አይገርምም። ያን ጊዜ የምትመዝኑት የጣት ፍጥነት ይሆናል።

ተማሪው ፈተናውን ማመኑ የሚለካው «ጨርስ» የሚለውን ከነካ በኋላ ባለው ቅጽበት ነው። ወረቀት ሲሆን ለፈታኙ በእጁ ያስረክባል፤ ስክሪን ሲሆን ገጹ ይጠፋል፣ አለቀ። ስለዚህ በመጨረሻው ገጽ ላይ የተመለሱት ጥያቄዎች ብዛትና አንድ ማረጋገጫ ቁጥር ይውጣ፤ ተማሪው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይያዘው፣ ፈታኙም ፊርማ መቀበያው ላይ ይመዝግበው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ቅሬታ ሲመጣ ግን «ልኬ ነበር»፣ «አልላክህም» የሚለውን ሙግት ይዘጋዋል።

መግቢያውም በስም አይሁን። በወሎ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰይድ ሙሐመድ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ሙሐመድ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየሮስተሩ መልኩ ይለያያል። በመለያ ቁጥር ይግቡ፤ ከገቡ በኋላ ሙሉ ስማቸው ከነአያታቸው ስክሪኑ ላይ ይታይና «እኔ ነኝ» ብለው ያረጋግጡ።

ለኩረጃው፣ አንድሮይድ ከ5ኛው ዝርያ ጀምሮ አንድን መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ አስሮ የሚይዝበት አሠራር በሴቲንጉ የደኅንነት ክፍል ውስጥ አለው። ሲፈታ ፒን እንዲጠይቅ አድርጋችሁ ፒኑን ፈታኙ ብቻ ይወቀው። ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር የሚባለው፣ ተማሪው ከፈተናው ሌላ እንዳይከፍት የሚያግደው ፕሮግራም፣ በአንድሮይድ ላይ አይሠራም፤ ይሠራል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ተጠንቀቁ። አንድ ነገር እንጨምር፦ ልምምዱ በተማሪዎቹ ስልክ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ብቻውን ጸጥታ አያመጣም። የአዛን ማስታወሻ ወይም የጸሎት ሰዓት ደወል ያለው ስልክ ኔትወርክ ባይኖርም በሰዓቱ ይጮኻል፤ አርባ ራስ በአንዴ ቀና ይላል። ድምፁም ይጥፋ፣ ማስታወሻውም ይዘጋ። ይልቅስ ፈተናውን በስግደት ሰዓት አለማድረግ ከሁሉም ይቀላል።

አቅም ለሌለው ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ አለ። ተማሪው ስልክ ሳይነካ በሞባይል መመዘን ይቻላል። ፕሊከርስ በተባለው መተግበሪያ ተማሪው የታተመ ካርድ አዙሮ ያነሳል፣ መምህሩ በአንድ ስልክ ካሜራ ክፍሉን በሙሉ ያነባል። ዚፕግሬድ የተባለው መተግበሪያ ደግሞ የጠቆረውን የመልስ ወረቀት በካሜራ አንብቦ ያርማል። ከአቀስታ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከላሊበላ ራቅ ብሎ ላለ ትምህርት ቤት 30 ታብሌት ከመጠበቅ ይልቅ በመምህሩ ስልክ መጀመር ብልህነት ነው። አንድ ምክር፦ መልሱ በደብዛዛ እርሳስ ከጠቆረ ወይም ጥላ ካረፈበት ካሜራው ይስታል፤ ወረቀቱ መስኮት አጠገብ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይነሣ።

ተማሪዎች መቀበላቸውን እንዴት ታውቃላችሁ? መጠይቅ መበተን የተለመደ ነው። መጠይቁ ግን እኛ ዘንድ በይሉኝታ ይበላሻል። መምህሩ ራሱ ቆሞ «ወደዳችሁት?» ቢል ሁሉም «አዎ» ይላል። ስም ሳይጻፍ በሣጥን ይሰብሰብ፤ ሣጥኑን የተማሪ መማክርት ይክፈተው። አባባሉም ይመዘን፦ «በታብሌት መፈተን ይጠቅማል» ለሚለው ማንም እሺ ይላል፤ «በታብሌት መፈተን ይጠቅመኛል» ሲባል ግን ተማሪው ስለ ራሱ ማሰብ ይጀምራል። አምስት ደረጃ ያለው መልስ ሲሰጣቸው መሐሉን የሚመርጡ ይበዛሉ፤ ሦስት ይበቃል፦ አዎ፣ አይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ብቻ ጠይቃችሁም አትደምድሙ። አዲስ ነገር መጀመሪያ ያስደስታል፤ ከሦስተኛው በኋላ፣ በተለይ አንድ ጊዜ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ደግማችሁ ጠይቁ።

ከመጠይቁ ይልቅ የምናምነው ምርጫውን ነው። በአራተኛው ሙከራ ላይ ወረቀትና ታብሌት ጎን ለጎን ይቅረቡና እያንዳንዱ ተማሪ የሚፈልገውን ያንሣ። ያነሡትን ቁጠሩ፤ በጾታ፣ በማርክ ደረጃና ቤቱ ስማርት ስልክ ባለውና በሌለው ለይታችሁ ቁጠሩ። ወረቀት ያነሡት በአብዛኛው ቤታቸው ስልክ የሌላቸው ከሆኑ ችግሩ የልምምድ ነው፤ ትርፍ ሰዓት ታብሌቶቹን ክፈቱላቸው። ጎበዞቹ ወረቀት ካነሡ ግን ችግሩ እምነት ነው፤ የሚሳቀቁት ማርካቸው እንዳይጠፋ ነውና የማረጋገጫ ቁጥሩንና የቅሬታ አቀባበሉን መርምሩ።

ስለዚህ የምንጠይቀው፦

አንደኛ፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ለአንድ የክፍል ደረጃ አራት ማርክ የማይያዝባቸው ሙከራዎች ይደረጉ፤ እያንዳንዱ ከ15 ጥያቄና ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ሁለተኛ፣ ማርክ መያዝ ሲጀምር ከተከታታይ ምዘናው ከ10 ማርክ በማይበልጠው ይጀመር፤ ወረቀት የፈለገ ተማሪ ለዚያ ዓመት በወረቀት ይፈተን። ሦስተኛ፣ በየፈተናው ክፍል የታተመ መጠባበቂያ ፈተና በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ፤ ሲስተሙ ለ10 ደቂቃ ከቆመ ፈታኙ ማንንም ሳያስፈቅድ ፖስታውን ይክፈት፣ የባከነው ጊዜም ይካካስ። አራተኛ፣ ስልክ የሚከለክለው የትምህርት ቤት ደንብ ታብሌትና ልምምድን ለይቶ እንደገና ይጻፍ። አምስተኛ፣ ታብሌቶቹ የብረት በርና ኃላፊ ባለው ክፍል ይቀመጡ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ትምህርት ቤቶቻችን ስንት ኮምፒውተር እንዳጡ እናንተም ታውቃላችሁ።

ለሙከራው ጥያቄዎቹን ለማዘጋጀት፣ ላፕቶፕና ራውተር ለማስተካከልና ፈታኞችን ለማሠልጠን ቅዳሜን እንሰጣለን፤ አበል አንጠይቅም። የምንፈልገው ባለ 12 ቮልት ባትሪዎቹንና የክፍሉን ቁልፍ ነው።

ከሰላምታ ጋር
በደሴና አካባቢው የምንሠራ የአይሲቲ፣ የሒሳብና የአማርኛ መምህራን

ግልባጭ፦
ለወላጅ መምህር ኅብረት ኮሚቴዎች
ለተማሪ መማክርት ተጠሪዎች